ቲቪዎን ከመስቀልዎ በፊት ግድግዳዎን ያንኳኩ

ዳንግላ፣ አክስቴ ሳሎን ግድግዳ ላይ አራት ቀዳዳዎች እስካሁን አሉ። ባለ 43 ኢንች ቲቪ የሰቀልኩባቸው ናቸው። ማንጠልጠያው አዲስ ነበር፤ ብረቱ ወፍራም፣ ክንዱ ተዘርግቶ ወደ ግራም ወደ ቀኝም የሚዞር። ለዐሥር ቀን ያህል ደህና ቆየ። አንድ ማታ የአክስቴ የልጅ ልጅ መደቡ ላይ ሆኖ ለማየት እንዲመቸው ቲቪውን በጠርዙ ይዞ ሳብ ሲያደርገው፣ የላይኞቹ ሁለት ብሎኖች ከነፊሸራቸው ተነቅለው ወጡ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጁን አላገኘውም። ቲቪው ግን በፊቱ ተደፍቶ ከጥቅም ውጭ ሆነ። አንዱን ብሎን ከወለሉ ላይ አንስቼ ሳየው በፊሸሩ ጥርሶች መካከል ደረቅ ጭቃና አንዲት የጤፍ ጭድ ተሰክታለች። ማንጠልጠያው አንድም ቦታ አልተጣመመም።

ማንጠልጠያ ሊገዛ የሄደ ሰው ሱቅ ውስጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንት ኢንች ነው?» ተብሎ ነው። እኔ ግን ከዚያ በፊት «ግድግዳው ምንድን ነው?» ብለው ራስዎን እንዲጠይቁ እፈልጋለሁ። በካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው የሥዕል መመሪያ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓይነት ግድግዳ ያሳያል፤ አንዱ ኮንክሪት ነው፣ ሌላው ውስጡ እንጨት የቆመበት። የእኛ የጭቃ ቤት ለሁለተኛው ይቀርባል። አብሮ የሚመጣው የፕላስቲክ ፊሸር ግን የተሠራው ለመጀመሪያው ነው። እኔም የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው።

ግድግዳውን መለየት

እኛ አዊ ውስጥ፣ በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ፣ የሚያጋጥምዎት ግድግዳ በአብዛኛው ወይ ባህር ዛፍ ቆሞ፣ በማገር ተይዞ፣ በጭድ በቦካ ጭቃ የተመረገ ነው፤ ወይ ደግሞ ብሎኬት ነው። ሁለቱም በሲሚንቶ ተለስነው ቀለም ከተቀቡ በዓይን አይለዩም። ቤቱን ተከራይተው የገቡ ከሆነ፣ ለምሳሌ ለዩኒቨርሲቲ ሥራ ወደ እንጅባራ የመጡ መምህር ከሆኑ፣ በምን እንደተሠራ የሚነግርዎት ላይኖር ይችላል። ስለዚህ በጣትዎ አንጓ ያንኳኩ። ጭቃ ድምፁ የታፈነ ነው፤ እጅዎን ትንሽ ወደ ጎን ሲያስኬዱ እንጨቱ ያለበት ቦታ ላይ ድምፁ ይጠነክራል። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ ያስተጋባል። ኮለን (የኮንክሪት ምሰሶ) ላይ ሲደርሱ አንጓዎን ያምዎታል እንጂ ድምፅ የለም ማለት ይቻላል። ከተጠራጠሩ በግድግዳው ግርጌ ልስኑ የተላጠበት ቦታ ፈልገው ይመልከቱ።

የጭቃ ቤት ከሆነ ቀጣዩ ሥራ ቋሚ እንጨቶቹን ማግኘት ነው። ቀጭን ባለ 8 ቁጥር ሚስማር ይያዙና፣ ቲቪው በሚሸፍነው ቦታ ላይ ቀስ እያሉ በመዶሻ ይምቱት። ጭቃ ውስጥ ሚስማሩ በየምቱ ይሰምጣል። እንጨት ሲነካ መዶሻው ነጠር ይላል፣ ድምፁም ይለወጣል። እዚያ ላይ በእርሳስ ምልክት ያድርጉ። ከዚያ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች ወርደው ያንኑ እንጨት እንደገና ይፈልጉት፤ ባህር ዛፍ እንደ መሠመሪያ ቀጥ ብሎ አይቆምም፣ ከላይ ያገኙት እንጨት ታች ላይ አራት ጣት ያህል ዘንበል ብሎ ሊጠብቅዎት ይችላል። ማገሩን ከቋሚው እንዳያምታቱት ይጠንቀቁ። ማገር በአግድም የተመታ ቀጭን እንጨት ስለሆነ ቲቪ አይሸከምም። ሚስማሩ ወደ ጎን በሄዱ ቁጥር እንጨት የሚያገኝ፣ ወደ ታች ሲወርዱ ግን ባዶ ጭቃ የሚገባ ከሆነ ማገር ላይ ነዎት።

ሁለት ቋሚዎች ካገኙ በኋላ በመካከላቸው ያለውን ርቀት በሜትር ለክተው ወረቀት ላይ ይጻፉት። ወደ ሱቅ የሚሄዱት ይህን ቁጥር ይዘው ነው።

እንጨቱ ጤነኛ መሆኑንም ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ምስጥ የበላው ወይም እርጥበት ያበሰበሰው እንጨት ሚስማሩን እንደ ጭቃው ያስገባዋል። እንጅባራ ክረምቱ ረጅም፣ ዝናቡም ብዙ ነው፤ ነፋስ ይዞት የሚመጣው ዝናብ የሚመታው የውጭ ግድግዳ ከውስጥም ይረጥባል። ምርጫ ካለዎት ዝናብ የማያገኘውን የውስጥ ግድግዳ ይያዙ። የውስጡ ግድግዳ ግን በቀርከሃ ወይም በኮምፔርሳቶ የተከፈለ ብቻ ከሆነ ይተዉት። ቀርከሃ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ብሎን ሲገባበት በቁመቱ ይሰነጠቃል።

ብሎኬት የራሱ ጣጣ አለው። ብሎኬት ከውጭ ጠንካራ ቢመስልም ፊቱ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ከዚያ ኋላ ክፍት ነው። ፊሸሩ ጫፉ ባዶ ቦታ ላይ ከወጣ የሚይዘው ነገር የለም። ድሪሉን በመዶሻ ምት አድርገው ከበሱት ደግሞ ፊቱ ከውስጥ በኩል ይፈረፈራል። ሁለት መፍትሔ አለ። ቅርብ ኮለን ካለ ኮለኑ ላይ ይስቀሉ። ከሌለ ብሎኖቹ በሚያርፉበት ቦታ ላይ የብሎኬቱን ፊት በጥንቃቄ ከፍተው ክፍተቱን በጠጠርና በሲሚንቶ ያስሞሉ፤ ውሃ እያጠጡ አንድ ሳምንት ያቆዩትና ከዚያ ይብሱት። ቤት እየሠሩ ያሉ ከሆነ ይህን ከልስን በፊት ለግንበኛው ይንገሩት፤ ጥቂት አካፋ ኮንክሪት ነው የሚጠይቀው። በዚያው ለሽቦ የሚሆን የፕላስቲክ ቱቦም ያስቀብሩ።

የቲቪው ጀርባ

ቲቪውን ፊቱን ወደ ታች አድርገው አልጋ ላይ፣ ንጹሕ ብርድ ልብስ ላይ ያስተኙት። ጀርባው ላይ አራት የብሎን ቀዳዳዎች አሉ። በአግድም ከአንዱ ቀዳዳ መካከል እስከ ሌላው መካከል፣ ቀጥሎም ከላይ ወደ ታች በሚሊ ሜትር ይለኩ። የሚያገኙት ቁጥር 100 በ100፣ 200 በ100፣ 200 በ200፣ 400 በ200 ወይም 400 በ400 የመሰለ ይሆናል። ይህ ቬሳ የሚባለው ዓለም አቀፍ ልክ ነው፤ ቲቪውን ማንም ይሥራው፣ ማንጠልጠያው ካርቶን ላይ ይኸው ቁጥር ከተጻፈ ይገጥማል። ኢንቹ ብቻ አይበቃም። ሁለት ባለ 43 ኢንች ቲቪዎች የተለያየ ቬሳ ሊኖራቸው ይችላል።

ክብደቱ ጀርባው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ወይም በካርቶኑ ላይ ይገኛል። ባለ 32 ኢንች ከ4 እስከ 6 ኪሎ፣ ባለ 43 ከ7 እስከ 10፣ ባለ 55 ከ12 እስከ 18 ኪሎ ቢሆን የተለመደ ነው። ማንጠልጠያው እችላለሁ የሚለው ክብደት ቢያንስ የዚህ እጥፍ ይሁን።

ብሎኖቹ ላይ ሰው ይሰንፋል፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የቲቪው ቀዳዳ የሚፈልገው ብሎን በትንንሾቹ ላይ ኤም 4፣ በመካከለኞቹ ኤም 6፣ በትልልቆቹ ኤም 8 ነው፤ ቁጥሩ የብሎኑ ውፍረት በሚሊ ሜትር ነው። ውፍረቱ ከገጠመ በኋላ ርዝመቱ ይቀራል። በጣም ከረዘመ ውስጥ ያለውን ካርድ ወይም የስክሪኑን ጀርባ ይወጋል፤ ካጠረ ደግሞ ሁለት ጥርስ ብቻ ይዞ ይቀራል። ከመጥረጊያ አንድ ስንጥር መዝዘው በቀዳዳው ያስገቡ፤ ሲቆም በጥፍርዎ ልኩን ይያዙና አውጥተው ከብሎኑ ጎን ያስተያዩት። የማንጠልጠያውን ብረት ውፍረት ጨምረው ያስቡ። ብሎኑን ሲያስገቡ የመጀመሪያዎቹን ዙሮች በእጅ ያዙሩት። በእጅ እሺ የማይል ብሎን ልኩ አይደለም፤ በካቻቢቴ አያስገድዱት።

ልኩን በትክክል ይዞ መሄድ እኛ ጋ የበለጠ ይጠቅማል። የአካባቢው ሱቅ የሚፈልጉትን ዓይነት ሳይዝ ቀርቶ ከባህር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ ካስመጡ፣ ዕቃው ሳይገጥም ሲቀር መልሶ መቀየር የመኪና ጭነትና የቀናት ጉዳይ ነው።

ከሦስቱ የትኛው?

ሱቅ ውስጥ ብራኬትም ይበሉት ማንጠልጠያ፣ ዓይነቱ በመሠረቱ ሦስት ነው። አንደኛው ቲቪውን ከግድግዳው ጋር አጣብቆ የሚይዝ፣ የማይንቀሳቀስ ነው። ሁለተኛው ወደ ታች የሚያጎነብስ። ሦስተኛው ክንድ ያለው፣ ከግድግዳው ወጥቶ የሚዞረው።

ክንድ ያለው ሱቅ ውስጥ ልብ ይሰርቃል። ከመግዛትዎ በፊት አንድ ነገር ይሞክሩ። ባለ 10 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልተው ከጎንዎ አስጠግተው ያንሡት። ቀጥሎ ክንድዎን ወደ ፊት ዘርግተው ያንኑ ጀሪካን ይያዙት። ውሃው አልጨመረም፣ ትከሻዎ ግን ይንቀጠቀጣል። የማንጠልጠያው የላይኛው ብሎን የሚሰማው ይህንኑ ነው። 10 ኪሎ የሚመዝን ቲቪ ከግድግዳው 6 ሳንቲ ሜትር ብቻ ርቆ ቢሰቀል፣ የላይኛውና የታችኛው ብሎን ደግሞ 15 ሳንቲ ሜትር ቢራራቁ፣ የላይኞቹን ብሎኖች ወደ ውጭ የሚስባቸው 4 ኪሎ ያህል ነው። ያው ቲቪ በክንድ 45 ሳንቲ ሜትር ከወጣ ግን ሰላሳ ኪሎ ይሆናል። ልጅ መጥቶ ጠርዙን በ10 ኪሎ ጉልበት ወደ ታች ቢጫነው ሌላ ሰላሳ ይጨመራል። የአክስቴ ግድግዳ ያልቻለው ይህን ነው።

እና የእኔ ምክር ቁርጥ ያለ ነው። የጭቃ ግድግዳ ላይ ክንድ ያለው ማንጠልጠያ አይስቀሉ። ኮለን ላይ ወይም በኮንክሪት በተሞላ ብሎኬት ላይ ከሆነ፣ በተለይ ሳሎኑ ማዕዘን ላይ ለመስቀል፣ ደህና ነው። ከአንድ ወገን ብቻ ለሚቀመጥ ቤተሰብ ግን ክንዱ ምንም አይጨምርም።

የሚያጎነብሰው ትክክለኛ ቦታው ቲቪው ከዓይን በላይ ሲወጣ ነው፤ ምግብ ቤት፣ ቡና ቤት፣ ኳስ የሚታይበት አዳራሽ። ቤት ውስጥም መደብ ወይም በርጩማ ላይ ዝቅ ብሎ የሚቀመጥ ሰው ከበዛ ይረዳል። በትይዩ መስኮት ኖሮ ስክሪኑ ላይ ብርሃን የሚያንጸባርቅ ከሆነም ትንሽ ማጎንበሱ ነጸብራቁን ወደ ወለል ይመልሰዋል። ከማይንቀሳቀሰው ብዙም ስለማይርቅ ግድግዳውን አያስጨንቅም።

ለአብዛኛው የአዊ ቤት ግን የምመርጠው የማይንቀሳቀሰውን ነው፤ ያውም ረጅም ሐዲድ ያለውን። በሱቅ ውስጥ ትንሽ አራት ማዕዘን ሳህን ብቻ ያላቸው አሉ፤ ወርዳቸው አንድ ስንዝር ስለሆነ ከአንድ ቋሚ በላይ አይደርሱም። ሐዲዱ 40 ወይም 60 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም፣ ከዳር እስከ ዳር ብዙ ቀዳዳ ያለው ከሆነ ግን ወረቀት ላይ የጻፉት የሁለት ቋሚ ርቀት ውስጡ ይገባል። ያንን ቁጥር ሱቁ ውስጥ በሜትር ሐዲዱ ላይ ያስቀምጡትና ቀዳዳዎቹ የሚገጥሙበትን ይግዙ። ብረቱን በሁለት እጅዎ ይዘው ለመጠምዘዝ ይሞክሩ። ከተለመጠ ይመልሱት። ብየዳ ካለው ብየዳው ዙሪያውን የተያያዘ መሆኑን ይመልከቱ፤ ነጥብ ነጥብ ብቻ የተደረገ ከሆነ አይውሰዱት።

ልኩ የሚገጥም ካላገኙ በያጅ ዘንድ ይሂዱ። የማይንቀሳቀስ ማንጠልጠያ ቀላል ሥራ ነው። 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው አንግል ብረት አንድ አግድም ሐዲድና ቲቪው ላይ የሚታሰሩ ሁለት መንጠቆዎች ይበቃሉ። የቬሳውን ልክ በካርቶን ላይ ቀዳዳውን ቀድደው ወስደው ይስጡት፤ በቃል የተነገረ ልክ ይሳሳታል። አንቲረስት ይቀባ። እርጥበቱ ያልተቀባ ብረት አይምርም።

ጣውላ፣ ወይም ወለሉ ይሸከመው

የጭቃ ቤት ላይ ሐዲዱን በቀጥታ ከመምታት የተሻለ ዘዴ አለ። ከሦስት እስከ አራት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለውና ሁለት ወይም ሦስት ቋሚ የሚያዳርስ የደረቀ ጣውላ ያዘጋጁ። በየቋሚው ላይ ከላይና ከታች ሁለት ሁለት ረጅም የእንጨት ብሎን ይምቱበት። የርዝመቱ ስሌት ይህ ነው፤ የጣውላው ውፍረት፣ ሲደመር ሚስማሩ እንጨት እስኪነካ የሰመጠበት የልስንና የጭቃ ውፍረት፣ ሲደመር ቢያንስ 4 ሳንቲ ሜትር እንጨቱ ውስጥ። ብዙ ጊዜ 12 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ይመጣል። ፊሸር አያስፈልግም። የደረቀ ባህር ዛፍ ጠንካራ ስለሆነ ሳይበሳ ብሎን ከተመታበት ይሰነጠቃል፤ ለ8 ሚሊ ሜትር ብሎን በ5 ወይም በ6 ሚሊ ሜትር ፑንታ አስቀድመው ይብሱት። በየብሎኑ ራስ ስር ሮንዴላ ያስገቡ። ከዚያ ማንጠልጠያውን ጣውላው ላይ ፈልገው ባስተካከሉት ቦታ ያስራሉ። ቋሚዎቹ የትም ይቁሙ፣ ቲቪው መሃል ላይ ይሆናል።

ግድግዳው አርጅቶ ከሆነ፣ ወይም አከራይዎ እንዲበሳ ካልፈቀዱ፣ አናጺ ዘንድ ሁለት ቋሚ እንጨቶችን በአግድም ጣውላዎች ያሳስሩ። እግራቸው ወለሉ ላይ ያርፋል፣ ክብደቱን መሬት ይሸከመዋል። ከላይ ወደ ፊት እንዳይወድቅ ብቻ ከጣሪያው አግዳሚ ወይም ከአንድ ቋሚ ጋር ይታሰራል። አክስቴ ቤት አሁን ያለው ይህ ነው። እንጨቱን ቫርኒሽ አስቀብተን ከታች ለሪሲቨሩና ለስታብላይዘሩ መደርደሪያ አወጣንለት። ጥር 23 በአካባቢያችን የሚከበረው የፈረሰኞች በዓል ሰሞን ቤቱ በእንግዳ ተሞልቶ ልጆች ሲጋፉበት እንኳ አልተነቃነቀም።

ከፍታውና ሽቦው

ቲቪ እንደ ፎቶ ግራፍ ከፍ ተደርጎ ሲሰቀል አያለሁ፤ አንገት ያማል። ቤተሰቡ ሁልጊዜ በሚቀመጥበት ይቀመጡና ሌላ ሰው ከወለሉ እስከ ዓይንዎ ይለካ። ሶፋ ላይ 1 ሜትር ከ10 ገደማ ይመጣል፤ በርጩማ ላይ ያንሳል። የስክሪኑ መካከል እዚያ ወይም አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ይሁን። ባለ 43 ኢንች ስክሪን ቁመቱ 54 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ መካከሉ 1 ሜትር ከ10 ላይ ከዋለ የታችኛው ጠርዝ 83 ሳንቲ ሜትር ላይ ይውላል። የቡና ረከቦትና ከሰል ከሥሩ የሚቀመጥ ከሆነ ቦታውን ይቀይሩ፤ ጭሱና ሙቀቱ ወደ ቲቪው ቀዳዳ ይገባል።

የሶኬት መሰኪያውን ቲቪው ጀርባ አይደብቁ። እጅዎ በቀላሉ የሚደርስበት ቦታ ይሁን፤ መብረቅ ሲጀምር የኤሌክትሪኩንም የዲሹንም ገመድ መንቀል አለብዎት። የዲሹ ገመድ ከውጭ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ከቀዳዳው በታች ወርዶ ተመልሶ ይውጣ። ያ እጥፋት ከሌለ የዝናብ ውሃ ገመዱን ይዞ ግድግዳ ውስጥ ይገባል፣ ጭቃውንም ያቀልጠዋል። ከማብሪያና ከሶኬት ቀጥታ በላይም ሆነ በታች አይብሱ፤ ሽቦው የሚሄደው በዚያ ነው። በሚበሱበት ሰዓት የዚያን ክፍል መስመር ያጥፉ፤ ለድሪሉ ከሌላ ክፍል መስመር ይሳቡ።

የሚሰቀልበት ቀን

ሐዲዱን በውሃ ልክ አስተካክለው ካሰሩ በኋላ ቲቪውን ወዲያው አይስቀሉ። በሐዲዱ የላይ ጠርዝ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ቀጭን መስመር ያስምሩ። ባለ 25 ኪሎ የዱቄት ከረጢት በጠንካራ ገመድ ሐዲዱ ላይ አንጠልጥለው ያሳድሩት፤ ልጆች ክፍሉ ውስጥ አይደሩ። ጠዋት ሐዲዱ ከመስመሩ ዝቅ ብሎ፣ ወይም ከላይ በኩል ከግድግዳው ወረቀት የሚያስገባ ያህል ለቆ ካገኙት፣ ብሎኖቹን ነቅለው እንጨቱን እንደገና ይፈልጉ።

ካልተነቃነቀ መንጠቆዎቹን ቲቪው ላይ ይሰሩ፣ የኤችዲኤምአዩንና የኤሌክትሪኩን ገመድ አስቀድመው ይሰኩ፤ የማይንቀሳቀሰው ከተሰቀለ በኋላ ከጀርባው እጅ አይገባም። ቲቪውን ለሁለት ያንሡት፤ ስክሪኑን ሳይጫኑ ከታችና ከጎን ይዘው። ሁለቱም መንጠቆዎች ሐዲዱ ላይ መቀመጣቸውን ጎንበስ ብለው ከሥር በዓይንዎ ይዩ፣ ከዚያ የታችኛውን መጠበቂያ ብሎን ያጥብቁ። የእርሳሱን መስመር አያጥፉት። መስከረም ላይ ዝናቡ ሲቀንስ፣ ግድግዳው ጠጥቶ መድረቅ ሲጀምር፣ ቲቪውን አንሥተው ሐዲዱ አሁንም መስመሩ ላይ መሆኑን ያረጋግጡ።